የሽማግሌው ቫን ሰዓት

ዓሊዬ እልህ ከያዘው እህል ውሃም ትዝ አይለውም። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ሪያድ፣ ጋራዦቹ በታጨቁበት ሰናዒያ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ግን ካለፈበት ዓመት ሆኖታል። ወረቀት ለሌላቸው ሠራተኞች በፈረንጆቹ 2013 የተሰጠው የማስተካከያ ምሕረት ሊዘጋ ሰባት ሳምንት ሲቀረው የጋራዡ ባለቤት ነዋፍ ጠራው።

«የአባቴ አሮጌ ቫን ታድሶ አልቋል፤ የቀረው የዳሽቦርዱ ሰዓት ነው። እስከ ሐሙስ ካስነሳኸው ከፊልህ፣ አሠሪ ዋስህ ሆኜ በስሜ ኢቃማ አወጣልሃለሁ። አለዚያ ኸላስ፣ አገርህ ግባ።»

ጉድ በል! ሦስት ባለሙያ «ሌላ ይግባለት» ብሎ የተወውን ሰዓት! ሽማግሌው የነዋፍ አባት ደግሞ ሌላ ሰዓት በዓይኔ አልይ ብለዋል።

«ተወው ወንድሜ፣ ይሄ የሞተ ነው» አለው የሥራ ባልደረባው ረታ።

«እኔ ሳልሞት እሱ አይሞትም» አለና ዓሊዬ ዳሽቦርዱ ሥር ተንጋለለ።

ቫኑን ያደሱት ሰዎች ሰዓቱን ያገናኙት ከሞተር ቁልፉ ጋር ነበር፤ መኪናው ሲጠፋ ኤሌክትሪኩ ይቋረጥበታል። ከባትሪው ቀጥታ ሽቦ ስቦ በፊውዝ አሳለፈለት። ዝም። ሁለት ቀን ሙሉ ፈታ፣ አሰረ። አሁንም ዝም! ረቡዕ ከሰዓት ግን ነገሩ ተገለጠለት። ጉዱ አዲሱ ቀለም ነው፤ ብረቱን ሸፍኖ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው እንዳይመለስ ዘግቶታል። የሰዓቱ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር ከታሰረበት ብሎን ሥር ያለውን ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ፋቀው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ! ደስታው እንባ አመጣበት። ስልኩን አይቶ፣ እጁ እንደለመደው ሰዓቱን ሞላ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነዋፍ አባቱን ደግፎ መጣ። ዳሽቦርዱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«በስልኬ ስድስት ሰዓት ነው፤ ይሄ አሥራ ሁለት ይላል! ሰዓት ማንበብ እንኳ አትችልም?»

ዓሊዬ ስልኩን አውጥቶ ከሰዓቱ ጋር አስተያየ። ለካ በሐበሻ አቆጣጠር ሞልቶታል! አይ እጅ፣ በዚህ ቀን ታዋርደኛለህ?

«አሁን አስተካክለዋለሁ» ብሎ እጁን ሲሰድ ሽማግሌው ክንዱን ያዙት። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ጀምሮ ነበር። ሽማግሌው ሰዓቱን ትኩር ብለው አዩት።

«በወጣትነቴ እዚህ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ አሥራ ሁለት ነበር የሚባለው። በየመግሪቡ ይህን ሰዓት የምሞላው እንዲህ ነበር። ማን ነገረህ ልጄ?»

«ማንም አልነገረኝም አባቴ፤ አገሬ ዛሬም የሚቆጠረው እንዲሁ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ነዋፍ፣ እንዳትነካው! እሑድ ጠዋት ይህን ሰው ይዘህ ኢቃማውን አውጣለት።»

«በስንት ሰዓት?» አለ ነዋፍ።

ሽማግሌው ወደ ዳሽቦርዱ ጠቆሙ። «በሁለት። በዚህኛው ሰዓት።»

እሑድ ዓሊዬ ገና በአንድ ሰዓት ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ነዋፍን ጠበቀው።