ስንሻው ማተቡን የያዘ ዕለት

ስንሻውን አርባ ዓመት ሙሉ ስገለብጠው ኖሬአለሁ፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ከወንበሩ አልወረደም። ወንበሩም ያው ሰሊጥ የሞላ ጆንያ ነው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ፣ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ፣ ዙሌካ ሻይ ከምታፈላበት ኒም ዛፍ ሥር ያስቀምጠውና እንደ ዙፋን ይጎለትበታል። እሱ ባለ መጋዘን ነው። እኔ ሣህሊቱ ደግሞ ሰሊጥ የሚያበጥሩትና የሚለቅሙት የሃያ ሁለት ሴቶች አለቃ ነኝ። ዕድሜዬ ስድሳ ስድስት ነው፤ ጉልበቴን ብትጠይቁት ግን ሰማንያ ይላችኋል።

ስንሻው የወገራ ባላምባራስ ልጅ ነው። ደርግ መሬታቸውን ሲወርሰው ጠመንጃውን ይዞ ኢዲዩ ገባ፤ የድሮውን ሊመልስ። እኔ ጎንደር ተማሪ ነበርሁ፤ ኢሕአፓ ገባሁ፤ የድሮውም ደርግም እንዳይኖር። ደርግ ሁለታችንንም እኩል አባረረን። እኩልነት የሚባለውን ነገር በዓይኔ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

መጋዘኑ ሥራ ልጠይቅ የሄድሁ ቀን «ከዚህ በፊት ምን ሠርተሻል?» አለኝ።

«አንተን የመሰሉትን ልናጠፋ ታግለናል» አልሁት። ርቦኝ ነበር፤ ሲርበኝ ደግሞ አፌ ልጓም የለውም።

ስንሻው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ነገ በጠዋት ነይ። እዚህ አገር የሚከራከረኝ ሰው አጥቼ ልሞት ነው» አለኝ።

ሄድሁ። በሁለተኛው ወር ሴቶቹን አሳደምሁበት። ከጠዋት እስከ ማታ አጎንብሰው ሲለቅሙ አንድ ስኒ ሻይ የሚጠጡበት ጊዜ አልነበራቸውም። ሁለት ቀን ወንፊታችንን ደፍተን ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ስንሻው ትሪ ሙሉ ዝላቢያ፣ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ፣ ተሸክሞ መጣና «ለደርግ ያልሰጠሁትን እጄን ላንቺ ሰጠሁ፤ ተነሡ!» አለ። ከዚያ ወዲህ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን ሥራ ይቆማል። እረፍቱን የታገልሁለት እኔ፣ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ! ሻይ በወተት፣ ሁለት ዝላቢያ፣ ከዚያ ነገር ፍለጋ።

«ያ ሹዩዒያ!» ይለኛል፤ ኮሚኒስቷ ማለቱ ነው። መጋዘኑ ጫፍ ሆኖ ሲጣራ ድምፁ እስከ አውቶቡስ ተራው ይሰማል። አሁንማ ገበያው ሁሉ በዚህ ነው የሚጠራኝ፤ ሣህሊቱ ብትሉ የሚያውቀኝ የለም።

«የእናንተ ደግሞ ድርጅት ይባላል?» ይላል። «ስንቅ የቋጠሩ፣ ዘፈን የያዙ ልጆች ተራራ ወጡ። የተማሪ ሽርሽር ነው የነበረ!»

«የእናንተስ? ሰባት ደጃዝማች፣ አንድ ወታደር! እሱም በመንገድ ጠፋባችሁ!»

«አንድ ወታደር እኔ ነኛ!» ብሎ ጉልበቱን እየመታ ይስቃል። ዙሌካ የመተማ ሴት ናት፤ ሁለታችንንም ሰልችታናለች። «እንኳን አገር አልሰጧችሁ» እያለች ብርጭቆውን ታጥባለች።

አንድ ቀን ብቻ ዝም ይላል። ራሄል የምትባል ጓደኛዬ አብራኝ ወጥታ ነበር፤ ሱዳን ሳንደርስ መንገድ ላይ በጥይት ቀረችብኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዕለቱ ጥር አሥራ ሦስት ነው። በየዓመቱ በዚያ ቀን ስንሻው ቃል አይተነፍስም። ዝላቢያውን በወረቀት ጠቅልሎ ጭኔ ላይ ያስቀምጥልኝና ይሄዳል። በሌላው ቀን ግን ምሕረት የሚባል ነገር አያውቅም። ወባ የጣለኝ ጊዜ እንኳ ሾርባ ይዞ መጥቶ፣ አልጋዬ ራስጌ ተቀምጦ፣ የመሬት አዋጁ ስሕተት እንደ ነበረ ሲያስረዳኝ ዋለ። በንዴት ተነሣሁ። ዶክተሩ መድኃኒቱ ነው ያዳናት ይላል፤ ይበላ።

እንግዲህ ስለ ማተቡ ልንገራችሁ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። ገበያው ላይ ጠብ ሲነሣ፣ አንዱ ሰሊጡ እርጥብ ነው ሌላው ደረቅ ነው ሲል፣ ስንሻው ይጠራል። እህሉን አይቶ፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ጥቁር ክር በሁለት ጣቱ ይይዝና የመሰለውን ይናገራል። ያልቃል። ሙስሊሙ ነጋዴ ሁሉ «የስንሻውን ክር አምጡ» ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ገዢ መጥቶ የስንሻውን የራሱን ሰሊጥ ደረቅ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀው ክሯን ያዘና «ዝናብ ነክቶታል» አለ። ሰውየው ጥሎት ሄደ። እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስሁ፤ «ማን ጠየቀህ?» ብለው «እሱ ጠየቀኛ» አለኝ።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ሞልታ፣ ወረቀት የማይጠየቅበት መንገድ ጠፋ። ባለፈው ጥቅምት ደግሞ የውጭ ሰው ሁሉ እንደገና ይመዝገብ ተባለ። አሥር ዓመት የሚያውቀው ሱዳናዊ ዋስ ቀርቦ ይማልለት፤ ዋስ የሌለው፣ ወይም ፖለቲካ የነካካ፣ ወደ ቱነይድባ ካምፕ ይሄዳል። ስንሻው የሱዳን ዜግነት ከወሰደ ሠላሳ ዓመቱ ነው። እኔ አልወሰድሁም። ለምን ብትሉ፣ ድል ስናደርግ ወዲያው የምመለስ መስሎኝ ነበራ! «አርባ ዓመት ሙሉ ሻንጣ ይዞ የቆመ መንገደኛ እንዳንቺ አላየሁም» ይለኛል ስንሻው።

ቱነይድባን አውቀዋለሁ፤ ሰው ልጠይቅ ሄጃለሁ። ሰዉ ለራሽን በፀሐይ ተሰልፎ፣ ድንኳኑን ንፋስ ሲነቅልበት አይቻለሁ። በስድሳ ስድስት ዓመቴ ድንኳን ልገባ? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ያለኝ አንዲት ክፍል ቤት፣ ሃያ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ጨቅጫቃ አሠሪ ነው። ፈራሁ። በቃ፣ ፈራሁ ነው የምላችሁ።

«ዋሴ ሁን» አልሁት በሻይ ሰዓት።

«እሆናለሁ። ግን ያስምሉኛል።»

«ታዲያ ማላ!»

«ፖለቲካ ውስጥ ነበረች ወይ ቢሉኝስ? እኔ በማተቤ አልዋሽም፣ ሣህሊቱ።» በስሜ ሲጠራኝ ደነገጥሁ።

«ወይኔ!» አለች ዙሌካ። «ሌላ ሰው ፈልጊ፣ ይኼማ ቀብሮሽ ነው የሚመጣ!»

ከየት ላምጣ? እንደሱ የሚያውቀኝ ማን አለ? በነጋታው በሪክሻ፣ በባጃጅ ማለቴ ነው፣ ወደ ምዝገባው ቢሮ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ስወተውተው ሄድሁ። «ቢያንስ አላስታውስም በል» አልሁት። «ሁሉን አስታውሳለሁ» አለኝ፤ ያ ግትር!

የተቀበለን ሉጥፊ የሚባል ወጣት መኮንን ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ «ያ ዐም ስንሻው»፣ አጎቴ ብሎ ወንበር ሰጠው፣ ለኔም «ኻልቲ»፣ አክስቴ ብሎ ውኃ አስመጣልኝ። ፎርሙን እየሞላ መጥቶ አንዱ ጥያቄ ላይ ብዕሩን አቆመ።

«ያ ዐም ስንሻው፣ ይቺ ሴት አገሯ ሳለች የፖለቲካ ድርጅት አባል ነበረች?»

ስንሻው አፉን ሳይከፍት ልጁ ቀጠለ። «የምጠይቅህ በምክንያት ነው። እኔ ያደግሁት ገበያው ዳር ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሹዩዒያ እያልህ ስትጠራት እሰማ ነበር።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመልጥ አይታወቅም ይላሉ። ስንሻው ሁለቱም ሆኖበታል፤ ራሱ ከተመለጠ ቆየ፣ አፉም ይኸው አርባ ዓመት ሙሉ ሲያመልጥ ኖሮ ዛሬ እኔን ካምፕ ሊያስገባኝ ነው።

ስንሻው እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። ክሯን በሁለት ጣቱ ያዘ።

«በዚህ በማተቤ እምላለሁ» አለ። «ሹዩዒያ የምላት ላናድዳት ነው። ድርጅት የሚባል ነገር አልነበረም። ስንቅ የቋጠሩ፣ ዘፈን የያዙ ልጆች ተራራ ወጡ። የተማሪ ሽርሽር ነበር።»

ደሜ ፈላ። ጎበዝ፣ ይህን ቃል ሻይ ላይ ስሰማው አርባ ዓመቴ ነው፤ መልሱም ምላሴ ጫፍ ላይ ነው የሚያድር። ግን እዚህ፣ በመንግሥት ፎርም ላይ? ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት? እነራሄል ለሽርሽር ነው የሞቱት? ከወንበሬ ተነሣሁ። «ስማ አንተ!» ልል አፌን ከፈትሁ።

ያኔ እጁን አየሁት። በገበያው ሁሉ ፊት ዝናብ ነክቶታል ሲል በሁለት ጣቱ ብቻ የያዛትን ክር፣ አሁን በሙሉ እጁ ጨብጧታል። ዓይኑ ደግሞ እኔ ላይ ነው። ስንሻው በሕይወቱ ለምኖኝ አያውቅም፤ ያን ቀን በዓይኑ ለመነኝ።

«ኻልቲ፣ እውነት ነው?» አለ ሉጥፊ።

«አዎ» አልሁ። «ሽርሽር ነበር።»

ልጁ ፈገግ አለ። ለጨዋታ ነው፣ ክፋት የለውም። «ታዲያ ከሽርሽሩ ለምን አልተመለስሽም?»

«መሸብኝ፣ ልጄ።»

ማኅተሙን መታው።

ስንመለስ ላመሰግነው ይገባ ነበር፤ አላመሰገንሁትም። ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ከፍራሼ ሥር አደረግሁና አለቀስሁ። እሱን ብረግመው ደስ ባለኝ። የለመነኝም ነገሩን እንዳላበላሽ ብቻ መሰለኝ፤ እሱ እንደሆነ በማተቡ አይዋሽም። እውነት የመሰለውን ማለ፣ አዳነኝ፤ ምን ብዬ ልርገመው? አርባ ዓመት ሙሉ ከልቡ ነበር ማለት ነው። ሲቀልድ ይመስለኝ ነበር። እኔን የጎዳኝ ይኸ ነው።

በነጋታው አራት ሰዓት ሲሆን ጆንያው ላይ የተቀመጠ የለም። በማግስቱም። ሴቶቹ እኔን ያያሉ፣ እኔ ጆንያውን አያለሁ። በሦስተኛው ቀን ስንሻው መጣና ተቀመጠ፤ ከንፈሩ ደርቋል። ዙሌካ እንደ ልማዷ ሻይ በወተቱንና ሁለት ዝላቢያ አቀረበችለት። በእጁ ገፋ አደረገው።

«አሞሃል?» አለችው።

«ጦሜ ነው።»

ዙሌካ የሙስሊም ልጅ ብትሆንም የኛን ጦም ከቄስ ይልቅ ታውቃለች፤ ወተት የምትገዛው በሱ ጦም ልክ ነዋ። «ምን ጦም? ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ወሩ ጥቅምት ነው፤ ጽጌን እንደሆነ ጦመህ አታውቅም!»

ስንሻው መሬት መሬቱን አየ። «የንስሐ አባቴ የሰጡኝ ነው። አርባ ቀን።»

ስለ ሰውየው ኃጢአት ምን አገባሽ ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ያገባኛል! አጠገቡ ሄጄ ቆምሁ። «ምን አድርገህ?»

«በማተቤ በሐሰት ምዬ።»

«ውሸቱ የቱ ነው?»

«ታውቂዋለሽ።»

«አላውቅም። ንገረኝ።»

ከጆንያው ላይ አንዲት የሰሊጥ ፍሬ ለቀመ፣ በጣቱ አሻት፣ ጣላት። «ድርጅት ነበር» አለ። «አገሬን ያመሰ፣ የተረገመ ድርጅት ነበር፤ ግን ድርጅት ነበር። ለሽርሽር የወጣ ልጅ እንደዚያች ጓደኛሽ አይሞትም። ሁልጊዜም አውቀዋለሁ።»

ይህን ቃል የሰማሁ ቀን እስክስታ እመታለሁ ብዬ አርባ ዓመት ስዝት ኖሬአለሁ። የት አባቱ! ጆንያው ጫፍ ላይ፣ አጠገቡ ዘጭ አልሁ። በነጠላዬ ዓይኔን ጠራረግሁና፣

«ድገመው» አልሁት። «ዙሌካ አልሰማችም።»

«ሰምቻለሁ!» አለች ዙሌካ።

«አልደግምም። ለቄሱ ነግሬአለሁ፣ ላንቺ ነግሬአለሁ፤ ለሦስተኛ ሰው የምናገረው የለኝም።»

«አርባ ቀን ነው ያልኸኝ?»

«አርባ።»

«አዎ ብዬ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። ሃያው የኔ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ እኮ እግዜር የለም ነበር የምትዪ!»

«እሱን ጦሙ ሲያልቅ እንከራከርበታለን» አልሁና የኔንም ሻይ በወተት ለዙሌካ መለስሁላት። «ይልቅ ከዛሬ ጀምሮ ይቆጠርልኝ።»

ስንሻው ተነሣ። ወደ መጋዘኑ ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ፤ ድምፁ ተመልሶለታል፣ እስከ አውቶቡስ ተራው የሚሰማው ያ ድምፅ።

«እናንተ ሰዎች፣ ፍረዱኝ!» አለ። «በፊት መሬቴን ወሰዱ፤ አሁን ደግሞ ይኸው ጦሜን ለሁለት ከፈሉት!»

ሃያ ሁለቱም ሴቶች ሳቁ። እኔም ወንፊቴን አነሣሁ፤ አራት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፣ እረፍቱ አልቋል።