የሐረጎ ዳገት ኳኳታ

ኮምቦልቻ መንገድ ዳር በጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን ገዛሁና መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ አሸሁት። ቶሎ አልደረቀም፤ ላምባ ላምባ ይሸታል። የድሮው ፍርሃት ወረረኝ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ሞተር ሳይክላቸው ላይ አፈናጥጠውኝ ወደ ደሴ ስንወጣ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ እያለ ይንኳኳ ጀመር። ጆሮዬን ጀርባቸው ላይ ለጥፌ ስለነበር ልባቸው መሰለኝ። ሞተሩ ጉልበት አጥቷል፤ ከጎናችን ገደል ነው፤ ከኋላችን የጭነት መኪና ጡሩምባውን ያንባርቃል።

«አባባ፣ ደረትዎን አመመዎት?»

«ወላሂ ምንም አልሆንኩም። ቤንዚኑን ከላምባ ቀላቅለው ሸጠውልን ነው። አሁን ካስጨነቅሁት ቀጥ ይላል።»

ማርሽ ቀንሰው እንደምንም ዳር ያዙና ሞተሩን አጠፉት። መኪናው አልፎን ሄደ። ጀርባቸው ውስጥ ግን መንኳኳቱ አልቆመም።

ዛሬም ሌላ ቤንዚን አጣሁ፤ ሳይመሽ ደሴ መግባት አለብን። ያንኑ ሞተር ሳይክሌ ላይ ሞላሁና ልጄን ከኋላዬ አስቀመጥኳት። ወገቤን አቅፋ ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ ለጠፈች።

«አባዬ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚንኳኳው?»

«ምንም አይደል፣ ሞተሩ ነው» አልኳት።

ሞተሩን ገና አላስነሳሁትም ነበር።