አንድ ሚሊዮን አንድን የሚከፍል ቁጥር

አያቴ ያቭኔ ካለው ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ቂርያት ማላኪ ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ትልልቅ ቁጥሮችን በምን እንደሚከፈሉ መፈተሽ ይወዱ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያውን ፈተና፣ የሂሳብ ባግሩትን፣ የወደቅሁ ሰሞን ከገዴራ በአውቶቡስ መጥቼ አጠገባቸው አለቀስኩ። አላባበሉኝም።

«አንድ ሚሊዮን አንድን ያለ ቀሪ የሚከፍል ቁጥር ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

በሁለት ሞከርኩ፣ በሦስት፣ በሰባት። ሃምሳን ሳልፍ እርሳሱን ጣልኩት።

«አባባ፣ ይሄ ቁጥር አይከፈልም!»

«እስካሁን አልተከፈለም በይ እንጂ፣ ልጄ። ያላ፣ ቀጥይ።»

መቶ አንድ ላይ ስደርስ ተከፈለ። የወጣው ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ነው፤ ቀሪ የለውም። እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅሁ።

«ይሄ የወጣው ቁጥርስ ይከፈል ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ዓርብ ስትመጪ አብረን እናየዋለን» አሉኝ።

ዓርብ ሳይደርስ ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ ከዚያም አልተመለሱም።

በለቅሶው ሳምንት ቤቱ ከጋን ያቭኔና ከገዴራ በመጡ ዘመዶች ሲሞላ፣ እኔ በረንዳው ላይ ብቻዬን ያንን ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ማካፈሌን ያዝኩ። እስከ ዘጠና ሰባት ሞከርኩት፤ መቶ በመቶ ሲባዛ ከቁጥሩ ስለሚበልጥ፣ ከዚያ በላይ መሞከር አያስፈልግም ነበር። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚከፍለው የለም። ደስ ብሎኝ «አባባ!» ብዬ ዞርኩ። ወንበራቸው ላይ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ጎረቤት ተቀምጠዋል።

«ምን ፈለግሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ።

አባባ፣ አፈሩን ያቅልልዎ። ያ ቁጥር አይከፈልም።