ሳይሞት ያለቀስኩለት ልጄ

ልጄ ጦርነት ላይ ነው የሞተው። ይኼን አስቀድሜ የምናገረው ስስቅ ያየኝ ሰው እንዳይታዘበኝ ነው፤ እሱን ሳነሳ ሳቅ ይቀድመኛልና።

እዚሁ ላሊበላ ፖሊስ ነበር። ፖሊስ ይበሉት እንጂ ሰው ማሰር አይሆንለትም። አንድ ጊዜ ሁለት የብልባላ ሰዎች በአንድ በግ ተጣልተው ጣቢያ መጡ። ሁለቱንም "ቤታችሁ ግቡና ስትበርዱ ኑ" ብሎ ሰደዳቸው፤ በጉን አሰረው። ሣር የሚያጭድለትም እሱ ነበር። ባልንጀሮቹ ሲስቁበት ከረሙ። እኔም "ደመወዝህን ከበጉ ተቀበል" እለው ነበር።

የባድመ ጦርነት ሲነሳ ይኼው በግ ጠባቂ ወታደር ልሁን ብሎ ተመዘገበ።

"አንተ፣ ሌባ እንኳ ደፍረህ አትይዝ፣ እዚያ ምን ልትሠራ ነው?" አልኩት።

"እማዬ፣ እዚያ ማሰር የለም እኮ" ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ፍርሃት ቤቴ ገባ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሰው ለሥራ ሳይወጣ። ጎህ ሲቀድ ከአንድ ሰው የበለጠ ኮቴ ከሰማሁ የያዝኩትን ጥዬ በር ላይ እቆማለሁ። ጎረቤቶቼ ይኼን አውቀው እሳት ሊጭሩ እንኳ ሲመጡ ከሩቅ "ደህና ነው! ደህና ነው!" እያሉ ነበር።

አንድ ማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ደጄ ቆሙ። "ግቡ" አልኳቸው፤ ገቡ። "ተቀመጡ" ብላቸው "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። አንዱ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ቀሪውን ማን ይጠብቃል! ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ደረቴን እየደቃሁ ወጣሁ።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሽማግሌዎቹ "ኧረ በማርያም ስሚን!" ቢሉ ማን ሰምቷቸው! አንዷ ጎረቤቴ "የት ላይ ነው የወደቀው?" ብላ ስትጠይቃቸው፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣

"ማን ወደቀ? እኛ ሴት ልጇን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው!" አሉ።

ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌም እሺታ ሳያገኝ እንደማይቀመጥ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ፍርሃት ነጠቀኝ እንጂ። ያን ያህል የማለዱትም ፍላቂት የሚሄደው ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ነበር። አመለጣቸው። ከዚያ በኋላ ልጅቱን በምን ፊቴ እከልክላቸው? ሰጠኋቸው።

ከወራት በኋላ ልጄ ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ወሬውን ገና መናኸሪያው ላይ ነግረውታል።

"እማዬ፣ ሙሾው ምን ነበር? በሕይወት እያለሁ ልስማው።"

"ሂድ፣ አንተ ጉድ!"

"አትሰስቺብኝ እንጂ።"

ቢያስጨንቀኝ ጊዜ አልኩለት፦

"ሰው ማሰር የማይችል፣ በግ የሚያስር ልጄ፣
ማን አሰረው ዛሬ ወጥቶ ከደጄ።"

"ቀብረሽኝም ትሰድቢኛለሽ?" ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ሊሄድ ሲል እጁን ይዤ "ቅርብኝ፤ ፖሊስነትህ ይበቃሃል" አልኩት።

"ጓደኞቼን ትቼ? ለእህቴ ሠርግ እመጣለሁ። አንቺ ብቻ አማቾቻችንን አታስደንግጭ" አለኝ። ያን ጊዜ እሱ ሳቀ እንጂ እኔ አልሳቅኩም።

መርዶው በክረምት መጣ። ከፊት የቆሙት የንስሐ አባቴ ነበሩ። እሳቸው ስብከት ከጀመሩ፣ እግር ቢዝል፣ ሕፃን ቢያለቅስ የሚያስቆማቸው የለም።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን..." ብለው ጀመሩ።

"አባ፣ ይብቃዎ፤ አይጨርሱት" አልኳቸው።

ቆሙ። አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። አስከሬን የለ፣ ያየሁት ነገር የለ፤ ያለኝ ያ ያላለቀ ንግግር ነው። እህቱም በዓመቱ ያለ ከበሮ ተዳረች። አባ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ ያወራሉ። እኔም እሺ እያልኩ እሰማቸዋለሁ።