የመመለሻው ካቦ የተበጠሰበት ዓመት

ፀሐይ ላይ የዋለ ሞተር ብስክሌት ሲነሣ የሚተን የቤንዚን ሽታ አለ፤ አቧራና የጋለ የወንበር ቆዳ የተቀላቀለበት። በቀደም ባሕር ዳር፣ የዩኒቨርሲቲያችን በር ላይ ቆሜ ጓደኛዬን ስጠብቅ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝና፣ ጓደኛዬንም የያዝኩትንም ደብተር ረስቼ፣ ካርቱም አርካዊት ሰፈር ያለው ግቢያችን ደጃፍ ላይ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ቆምኩ።

አባቴ ገብሬ በዚያ ዘመን ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ነጋዴዎች ዕቃ እየተቀበለ በሞተሩ ለየቤቱ ያደርስ ነበር፤ እናቴ ጥሩዬ ደግሞ እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ትሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሦስታችንም በአንዱ ሞተር እንወጣ ነበር፤ እኔ ከፊት የቤንዚን መያዣው ላይ፣ አባቴ መካከል፣ እናቴ ከኋላ በጎን ተቀምጣ፣ የነጠላዋን ጫፍ ጎማው እንዳይዘው ከጉልበቷ ሥር ሸጉጣ። አባቴ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነበር፣ ሐፍላ የምንለው አውቶቡስም በሰዓቱ አይገኝም ነበር፤ ስለዚህ ሞተሩ ከቆመ የእኔም ትምህርት እንደሚቆም ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ካርቱም ውስጥ ብርድ የሚባለው አጭር ነው፤ ሰው ሹራብ አውጥቶ ሳይጠግበው ያልፋል። በዚያ ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ ከሞተሩ ካቦዎች አንዱ ተበጠሰ። ከቀኝ እጅ መያዣው ተነሥተው ወደ ካርቡራተሩ የሚወርዱ ሁለት ካቦዎች ነበሩ፤ አንዱ ጋዙን ስቦ ይከፍታል፣ ሁለተኛው ስቦ ይዘጋል። የተበጠሰው የሚዘጋው፣ የመመለሻው ነበር። መካኒኩ ዐም እድሪስ፣ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ዐም፣ አጎት፣ እያለ የሚጠራው ሽማግሌ ሱዳናዊ፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ በዐረብኛ እንዲህ አለ፦

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ለዚህ ሞተር የሚሆን ካቦ አሁን ሱቅ ውስጥ የለም። እስኪመጣ ድረስ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ሞላ ትመልስልሃለች፤ ጠንካራ ናት። ግን እሷ ብቻዋን መሆኗን አትርሳ፤ የቀረው ካቦ ተጣብቆ ከያዘ በእጅህ በግድ ልትዘጋው አትችልም።»

እናቴ ዐረብኛውን ከአባቴ ይልቅ ትሰማ ነበርና ፊቷ ተለወጠ። «ልጄን በአንዲት ሞላ ታምነህ ልትወስዳት ነው?» አለችው።

ዐም እድሪስ ስቆ ማድረግ ያለብንን አስረዳን። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ማዞር፣ በሁለቱም በኩል ጋዙን ከፍቶ መልቀቅ፤ ራሱ ፈጥኖ ካልተመለሰ አለመውጣት። መንገድ ላይ ጋዙ ከያዘ ደግሞ ፍሪሲዮኑን መያዝ፣ በአውራ ጣት ቀይዋን ማጥፊያ መጫን፣ ከዚያ ፍሬን። አባቴን በዚያው ከሰዓት በኋላ መንገዳችን ላይ ደጋግሞ አለማመደው፤ አባቴ ይነሣል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ ያጠፋል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሣል። ጎረቤታችን ጋሽ ተካ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ያየው ነበር።

«ገብሬ፣ ሞተር መንዳት ዛሬ ነው እንዴ የጀመርከው?»

«መንዳትማ አውቃለሁ፤ ማቆም ነው የምማረው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍተሻው የእናቴ ሆነ። «አንተ ትቸኩላለህ» አለችው፣ «የምፈትሸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከያዘ ደግሞ ልጄ ሁለተኛ አትወጣበትም፤ ትምህርቱም ከቀረ ይቅር።» በየጠዋቱ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ መሪውን ወዲያና ወዲህ አዙራ፣ ጋዙን ትከፍትና ትለቅ ነበር። አባቴ ቁልፉን ይዞ ከጎኗ ይቆማል፤ እሷ «ያላ» ካላለች ማንም አይወጣም ነበር። እኔ ግን ያቺ «ትምህርቱም ይቅር» የምትለዋ ቃል በልቤ ገብታ፣ እጇን ሳይ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ሙቀቱ ሲገባ፣ አስፋልቱ ጫማ የሚይዝበት ወቅት፣ አባቴ የቀረውን ካቦ ለመንከባከብ አሰበ። ያደገው ዳባት ነው፤ ዝናብ በማይጠፋበት አገር ብረት የሚጠፋው በዝገት ስለሆነ፣ ያልተቀባ ብረት ማየት አይወድም ነበር። የበሩን ማጠፊያ ይቀባል፣ የእናቴን መቀስ ይቀባል። አንድ ዓርብ ወፍራም የሞተር ዘይት በመርፌ ስቦ በካቦው ሽፋን ውስጥ እስኪፈስ ሞላው። በማግስቱ እናቴ ስትፈትሸው እንደ ቅቤ ለሰለሰ። «አየሽ?» አላት ደረቱን ነፍቶ።

ከዚያ ሐቡቡ፣ የአቧራው ማዕበል፣ መጣ። ከሰማይ ጥግ ቡናማ ግድግዳ ሆኖ ይነሣና፣ ፀሐይዋን ሸፍኖ፣ የተዘጋውን መስኮት አልፎ ትራሳችን ድረስ ይገባ ነበር። አንዱ ሐቡብ ካለፈ በኋላ፣ የእናቴ አሠሪዎች እንግዳ መጥቶባቸው እዚያው አድራ ስለ ነበር፣ ጠዋት አባቴና እኔ ብቻችንን ሆንን። የፈተና ቀን ነበር። አባቴ መሪውን ሳያዞር፣ ቀጥ እንዳለ፣ ጋዙን ከፍቶ ለቀቀ። ተመለሰ። «ደኅና ነው፣ ያላ ሚጣ!» ብሎ አስቀመጠኝ።

ከሰፈራችን ወደ ዋናው መንገድ መውጫ ላይ ወደ ቀኝ ሲጠመዝዝ ጋዙ ያዘ። ሞተሩ ጮኸ፣ ወደ ፊትም ወሰደን፣ ከፊታችን የሐብሐብ ጋሪ ነበር። የአባቴ ደረት ጀርባዬ ላይ ሲጠጥር ተሰማኝ። በዚያው ቅጽበት የግራ እጁ ፍሪሲዮኑን ጨበጠ፣ የቀኝ አውራ ጣቱ ቀይዋን ማጥፊያ ተጫነች፣ ጩኸቱም ቆመ። በዝምታ ተንሸራተን ከመንገዱ ዳር አሸዋ ውስጥ ቆምን። ባለጋሪው «ያ ሳቲር!» ብሎ ፈጣሪን ጠርቶ እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። አባቴ አወረደኝና ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

ራክሻ በሚባል የአንድ የሰፈር ልጅ ባጃጅ ወደ ፈተናዬ ላከኝና እሱ ሞተሩን እየገፋ ወደ ዐም እድሪስ ሄደ። ከትምህርት በኋላ ስደርስ ካቦው ተፈቶ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ከሽፋኑ የወጣው ቡናማ ጭቃ ነበር። ዐም እድሪስ በጣቱ ነክቶ አሳየው።

«ይሄ ዘይት ነው ወይስ ፉል? ያ ዞል፣ ቁርስ ልታበላኝ ነው?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚህ አገር ወፍራም ዘይት አቧራውን ይጠራዋል» አለው። ካቦውን በቤንዚን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቀጭን ዘይት ጠብ ብቻ አደረገለት።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ለእናቴ እንዳይነግራት ፈልጌ ነበር፤ ካወቀች ትምህርቴ አበቃ ብዬ። እሱ ግን በሩን እንኳ ሳይዘጋ ነገራት፤ ዘይቱን፣ መሪውን አለማዞሩን፣ ጋሪውን። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ማጥፊያዋን ቶሎ አገኘሃት?» አለችው።

«እጄ ራሱ ነው ያገኛት።»

«እሷስ ታውቃታለች?» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

በዚያው ምሽት ግቢው ውስጥ በቆመው ሞተር ላይ ወጥቼ፣ እናቴ ዓይኔን በመዳፏ ሸፍና፣ ቀይዋን ማጥፊያ በዳበሳ እስካገኛት ድረስ አላወረደችኝም። ትምህርቴን እንዳልከለከለች የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ አባቴም ከዚያ ወዲያ እሷ ባላየችው ሞተር አላስቀመጠኝም፤ እሷ ባደረችበት ቀን በእግራችን ሐፍላ ፍለጋ እንሄድ ነበር።

ዝናቡ ጀምሮ መንገዳችን ኩሬ በሆነበት ወቅት አዲሱ ካቦ መጣ። ዐም እድሪስ ሲገጥምልን አባቴ «በቃ፣ አሁን አረፍሽ» አላት። እናቴ ግን በማግስቱም መሪውን ይዛ ቆማ አገኘናት።

አሁን ካርቱም የለንም። ጦርነቱ ሲመጣ ሞተሩን ግቢው ውስጥ ትተን ወጣን። አባቴ ጎንደር ውስጥ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ነው፣ በእግሩ ይሄዳል፤ እናቴ ከእሱ ቀድማ ወደ አትክልት መሸጫዋ ትወጣለች፤ እኔ እዚህ ነኝ። ሦስታችንም በየራሳችን ሰዓት፣ ከየራሳችን በር እንወጣለን። ያኔ እሷ ስትፈትሽ እግሬን እያቀያየርኩ «ይረፍድብኛል እኮ እማዬ!» እላት ነበር። ዛሬ ጠዋት «ያላ» እስኪለኝ የምጠብቀው ሰው የለም፤ የዶርሜን በር ቆልፌ እወጣለሁ፣ ክፍል ውስጥም ብዙ ጊዜ ከሁሉም ቀድሜ እደርሳለሁ።