ሾላው የቆለፈው በር

ቢቸና ውስጥ የአጥር ግፊያ ወይም የውኃ መውረጃ ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ተብሎ የሚጠራው አንዱ እኔ ነኝ። ያበረድሁት ጠብ ብዙ ነው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ እላለሁ። ስለዚህ የራሴ መኝታ ቤት መሰንጠቅ ሲጀምር ባለቤቴ ጊዜ አላጠፋችም። «የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች!» አለችኝ።

መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ቀጭን ስንጥቅ ታየ። «ማንኮራፋትዎ ነው» አለች። ውሸት አይመስልም፤ ጥቂት ሌሊት ፊቴን ወደ ሌላው ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ቀጥሎ የወለሉ ሊሾ አበጠና በሩን ከሥር ያዘው። በአልጋው በኩል ብናስቆፍር የጭኔን ያህል ሥር ወጣ። የጭኔን ማለቴ የጉብዝናዬን ጭን ነው፤ የዛሬውስ ከሐረግ አይበልጥም።

ሥሩ የመጣው ከጎረቤቴ ሾላ ነበር። ጎረቤቴ የሞጣ ሰው፣ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ሾላውን የተከሉት እናቱ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸውና፣ ቅርንጫፉን ከሞጣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ያመጡት እሳቸው ናቸው። ይህን ስለማውቅ በለሆሳስ ጀመርኩ።

«ቤትህን አበጅልሃለሁ፤ ዛፉን ግን አትንካብኝ» አለኝ።

«ብታበጀው ሥሩ መልሶ ያፈርሰዋል።»

«እንግዲያ እኔም መልሼ አበጀዋለሁ!»

ክረምቱ እየቀረበ ነው። ዝናብ በስንጥቁ ከገባ ጭቃው ግድግዳ እንደሚናድ ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታችን አጠረ፤ በአጥር ላይ መሳሳቁም ቀረ። ሽማግሌ ይያዝ ተባለ። እኔ የደብሩን ቄስ መረጥሁ፣ እሱ አንድ የሰፈር አዛውንት ነጋዴ መረጠ።

ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚቀመጠው ከጥላ ሥር ነው። እኔ ደግሞ «ጥፋተኛው በዓይን ይታይ» ብዬ ከራሱ ከሾላው ሥር እንዲቀመጡልኝ ለመንኩ። ግንቦት ነው፤ የቢቸና ፀሐይ አናት ትበሳለች። ቄሱ ጥምጥማቸውን ላላ አድርገው ወደ ላይ አዩ። ነፋስ መጣ። ቅጠሉ ተንሿሿ።

«እህህ! ይህን የተከለ ሰው ብፁዕ ነው» አሉ።

ነጋዴው ሽማግሌም ጋቢውን አንጥፎ ጋደም አለ። እኔ ስለ ሊሾ፣ ስለ ስንጥቅ፣ ስለ በር ለፈለፍሁ። ጎረቤቴ ምን ተዳው፤ ዛፉ ይከራከርለት ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ ጥላው እኔንም አዳክሞኝ፣ ክሴን ሳልጨርስ አዛጋሁ።

«በዛፍ ላይ ሞት አይፈረድም። ግድግዳህን ደግፈው» አሉኝ ቄሱ።

«አባ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ከቤቴ ይሁንልኝ» አልሁ። እያመነቱ ተስማሙ።

በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም መኝታ ቤቴ ገቡ። አልጋው ላይ ሁለት ሽማግሌ፣ ዱካው ላይ ጎረቤቴ፣ እኔ ቆሜ። ስንጥቁን በጣቴ እያሳየሁ ሳለ ነፋስ በሩን ዘጋው። ቄሱ ሊከፍቱ ሳቡት፤ እጀታው ተነቅሎ በእጃቸው ቀረ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ሾላው ነው፣ አባ። ያ ብፁዕ ያሉት።»

የበሩን ዘዴ የምታውቀው ባለቤቴ ናት፤ ከውጭ በዳሌዋ ትገፋዋለች። እሷ ግን ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ክፍሉ ሞቀ። ጎረቤቴ ተነሥቶ በሁለት እጁ ቢታገል በሩ ንቅንቅ አላለም። ላቡን ጠርጎ ዞረና አየኝ።

«በየቀኑ እንዲህ ነው የምትወጣው?»

«በመስኮት የምወጣበትም ቀን አለ።»

«በዚህ ዕድሜህ?»

«መውጣቱስ ደኅና ነው። አንድ ቀን ግን ተሰክቼ ቀርቼ ፍየል ናት የሳቀችብኝ።»

አልሳቀም። ስልኩን አወጣና ሞጣ ላለችው ታላቅ እህቱ ደወለ፤ ያለ እሷ ፈቃድ የእናቱን ዛፍ እንደማይነካ ያን ጊዜ ገባኝ። ድምፁን ከፍ ስላደረገው ሁላችንም ሰማን።

«የት ነህ?» አለችው።

«ተቆልፎብኛል። ጎረቤቴ ቤት፣ ከሽማግሌ ጋር። የእማ ሾላ ሥር በሩን ይዞት።»

መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ከዚያ ተቆጣች። «እማ ሰው ይረፍበት ብላ ተከለችው እንጂ ሰው ይታሰርበት ብላ ነው እንዴ? በእሱ በኩል ያለውን ሥር ቁረጥ! ግንዱን እንዳትነካ።»

ሽማግሌዎቹ ከዚህ የተሻለ ፍርድ አላገኙም፤ እዚያው አልጋዬ ላይ ሆነው አጸደቁት። በአጥሩና በግድግዳዬ መካከል ጥልቅ ቦይ ይቆፈር፣ ወደ እኔ የሚያልፈው ሥር ይቆረጥ፣ ዛፉ እንዳያጋድል በዚያው በኩል ያለው ቅርንጫፍ ይቀነስ። ወለሉን እሱ ያበጃል፤ ቦዩን የሚሞላውን ድንጋይ እኔ አቀርባለሁ። ቄሱ ተቀምጠው ሲመርቁ ባለቤቴ ደረሰች፤ በሩን በዳሌዋ ገፋ አድርጋ ከፈተችና አራታችንን አየች።

«እርስዎ! ቄሱንም አሰሯቸው?»

ቦዩ ዝናቡን ቀድሞ አለቀ፤ ግድግዳዬም ክረምቱን ቆመ። ሾላው በእኔ በኩል ቅጠሉን ሲያራግፍ ግን ከጎረቤቴ ይልቅ የተጨነቅሁት እኔ ነበርሁ። ማንም ሳያይ የእጅ መታጠቢያ ውኃዬን በአጥሩ ሥር አፈስለት ነበር። አቆጠቆጠ።

አሁን በሬ በአንድ ጣት ይከፈታል። ያስቸገረው የእኔ ገላ ነው። ትናንት ጠዋት እንደ ልማዴ እግሬን አንፈራጥጬ በሁለት እጄ ብስበው፣ በሩ ቀልሎ በቂጤ ጣለኝ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ድምፁን ሰማ።

«ምን ሆንክ? ዛሬም ሾላው ነው?»

«አይደለም» አልሁ፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጥሁ። «ዛሬስ እኔው ነኝ።»