ደረቴ ላይ የነበረችው ቀይ መቆንጠጫ

ይህ ነገር የደረሰው በፈረንጆቹ 2007 ዓ.ም.፣ በሐምሌ ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ግን እስከ ዛሬ ጎረቤቴ የሣር ማጨጃውን ሞተር ሲያስነሳ የያዝኩትን አስቀምጬ እጆቼን አያለሁ። ለምን እንደማያቸው ለባለቤቴ እንኳ በደንብ ነግሬያት አላውቅም። ዛሬ ግን ልጻፈው ብያለሁ።

ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሀብቶም፣ ከድር እና እኔ ግርማ። በወጣትነታችን ሦስታችንም ደብረ ዘይት የአውሮፕላን መካኒኮች ነበርን። ሀብቶም የአስመራ ልጅ ነው፣ ከድር የድሬዳዋ፣ እኔ የደሴ። በኋላ ዘመኑ በየአቅጣጫው በተነንና ከስንት ዓመት በኋላ ፍራንክፈርት ላይ ተገናኘን። ሀብቶም ዚንድሊንገን አካባቢ ኬሚካል ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ከድር አየር ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። እኔ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ አጥባለሁ። እውነተኛ አውሮፕላን የሚያስነካን ሰው ስለጠፋ፣ በመቆጣጠሪያ የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን በሀብቶም ኬለር፣ ማለትም ከቤቱ ስር ባለው መጋዘን፣ መሥራት ጀመርን።

ትንሽ ስል አሻንጉሊት እንዳይመስላችሁ። ክንፋቸው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ሞተራቸው በቤንዚን ይሠራል።

ስንሠራ አፋችን አያርፍም። የሀብቶም አውሮፕላኖች ሁልጊዜ ከባድ ስለሆኑ "ኤንትሬ የጭነት መኪና ሠራ፤ ጎማ ብቻ ነው የቀረው" እንለዋለን። ከድር የሚሠራው ጅራት ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብላል። እኔን "ኢንስፔክተር" ይሉኛል፤ እጄን አጣጥፌ እንከን ብቻ ስለማወጣ። የከድር ግራ ጆሮ ደግሞ በደብረ ዘይቱ የሞተር ጩኸት ምክንያት አይሰማም። ዕቃ ተሸከም ሲባል ያንን ጆሮውን ያዞርልናል።

ከሁሉም የከፋው ቀልዳችን ግን ሜዳ ላይ የምንቀልደው ነበር። አንዳችን ስናበርር ሌላው ከኋላ "ወደቀ!" ብሎ ይጮኻል። የሚያበርረው ሲደነግጥ ሁለቱ ይንከተከታሉ። በአንድ እሑድ አሥር ጊዜ ያህል ሳንጮህ አንመለስም።

አሁን ስለ መቆንጠጫዋ መናገር አለብኝ። በዚያን ጊዜ መቆጣጠሪያዎቹ በቁጥር የተለየ ሞገድ ነበራቸው። አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት ሰዎች እኩል ከከፈቱ፣ አየር ላይ ያለው አውሮፕላን የማንን ትእዛዝ እንደሚሰማ ይጠፋውና ይወድቃል። ስለዚህ ከፍራንክፈርት ዳር፣ ከቦናመስ ወጣ ብሎ ባለው የክለቡ ሜዳ አንድ ሰሌዳ ነበረ። ሰሌዳው ላይ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ የልብስ መቆንጠጫ ይሰካል። የሚያበርረው ሰው የቁጥሩን መቆንጠጫ ወስዶ ደረቱ ላይ ያደርጋል። መቆንጠጫው ያለው ይከፍታል፤ የሌለው መቆጣጠሪያውን አይነካም። የእኔና የሀብቶም ቁጥር አንድ ዓይነት ስለነበር በአንዲት ቀይ መቆንጠጫ ተራ በተራ ነበር የምናበርረው።

እኛ ግን የራሳችንን ልማድ ይዘን ሄድን። ደብረ ዘይት ሳለን አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት መካኒኩ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለበትን የደህንነት ፒን ነቅሎ፣ ከፍ አድርጎ ለአብራሪው ያሳያል። ፒኑም መካኒኩ ዘንድ ይቀራል። መካኒኩ ከክንፉ ስር ሲሠራ ደግሞ አብራሪው ምንም እንዳልነካ እንዲታይ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ያነሳል። እኛም ቀይዋን መቆንጠጫ እንደዚያ ፒን ቆጠርናት። አብራሪው አይይዛትም፤ አጠገቡ የቆመው ከፍ አድርጎ ያሳየውና በራሱ ደረት ላይ ይሰካታል። ሀብቶም ይህን ሲያይ የሃያ ዓመት ልጅ ይሆን ነበር። የክለቡ ጀርመኖች አንድ ሁለቴ ልክ አይደለም ብለውናል። እሺ እያልን በልማዳችን ቀጠልን።

በዚያ እሑድ ሌሎቹ ለምሳ ሄደው ሜዳው ላይ የቀረነው እኛ ብቻ ነበርን። መጀመሪያ ከድር አበረረና አውሮፕላኑን ሜዳው ጫፍ፣ ረጅሙ ሣር ውስጥ አሳረፈው። ቀጥሎ የሀብቶም ተራ ነበር። አዲስ የሠራው፣ ሰባት ኪሎ የሚመዝን ቢጫ አውሮፕላን ነው። መካኒኩ እኔ ነበርኩ። መቆንጠጫዋን ከፍ አድርጌ አሳየሁትና ደረቴ ላይ ሰካኋት። አውሮፕላኑ ተነሳ፤ ከፍ አለ። ከድር ሁለት ጊዜ "ወደቀ!" አለና እየሳቀ የራሱን አውሮፕላን ሊያመጣ ወደ ሜዳው ጫፍ መራመድ ጀመረ።

እኔ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ነበር። መቆጣጠሪያዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ከሀብቶም ጋር እያወራሁ ነው። ስለ ክብደቱ ምን እንዳልኩት ረስቼዋለሁ፤ ብቻ ሁለታችንም ስቀናል። ሳቄን ሳልጨርስ ጎንበስ ስል ቀይዋን መቆንጠጫ ደረቴ ላይ አየኋት። መቆንጠጫዋ እኔ ጋ ናት፤ ስለዚህ ተራው የእኔ ነው። ይህን ቁጭ ብዬ አላሰብኩትም፤ እጄ ነው ያሰበው። የአውሮፕላኔን መሪ ልፈትሽ ብዬ ማብሪያውን ገፋሁት።

የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ቀና ስል ቢጫው አውሮፕላን በአንድ ክንፉ ተገልብጧል። ሀብቶም "አይሰማኝም! አይሰማኝም!" እያለ ሁለቱን ዘንጎች ያንገላታል። አውሮፕላኑ አንዴ ተሽከረከረና አፍንጫውን ደፍቶ ወደ ሜዳው ጫፍ መውረድ ጀመረ። እዚያ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው። ከድር ጀርባውን ሰጥቶን ይራመዳል።

ሁለታችንም እኩል ጮኽን። "ከድር! ወደቀ!"

ከድር አልዞረም። ቀኝ እጁን አንስቶ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው፣ ሂዱ እናንተ አለን።

እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ጮኽኩ፤ ድጋሚ ጮኽኩ፤ ድምፄ ግን የዘወትሩ የቀልድ ድምፅ እንደሆነ ለራሴም ይሰማኝ ነበር። ያኔ ጭኔን አየሁ። የመቆጣጠሪያዬ መርፌ ከፍ ብሎ ቆሟል። ክፍት ነበር። አውራ ጣቴ ማብሪያውን እስኪያገኘው ዓመት የፈጀ መሰለኝ፤ ምናልባት ሦስት ሰከንድ ይሆናል። አጠፋሁት። ወዲያው አውሮፕላኑ ለሀብቶም ታዘዘና አፍንጫውን ማንሳት ጀመረ። ግን መሬት ቀርቦ ነበር። ከከድር ራስ ጋር እኩል ሲሆን አየሁ፤ ከዚያ አውሮፕላኑም ከድርም ከሣሩ በታች ጠፉ።

ሞተሩ ዝም አለ። ሜዳው እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም።

ሮጥን። ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው፤ እኔ ግን የምደርስ አልመሰለኝም። እየሮጥኩ የከድርን ባለቤት የዘሀራን ፊት አያለሁ። ምን ብዬ ነው የምነግራት? በየሁለት እርምጃው ስሙን እጠራለሁ፤ መልስ የለም። እየሮጥኩ ሳለ ደግሞ እጄ መቆንጠጫዋን ከደረቴ ነቅሎ ኪሴ ከተታት። ይህን ያደረግኩት ከድር ይሙት ይኑር ሳላውቅ ነው። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ከድር በሆዱ ተደፍቶ ነበር። ከማጅራቱ ደም ይወርዳል። ሀብቶም ተንበርክኮ ጆሮውን ጀርባው ላይ አደረገ። እስትንፋሱን የሰማ ይመስለኛል፤ ቀና ብሎ አምቡላንስ እንድጠራ በጣቱ አሳየኝ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። አምቡላንሱ ሲመጣ ከድር ዓይኑን ገለጠ፤ ግን አንዳችንንም አላወቀንም። ሀብቶም እጁን ይዞ በትግርኛ ያናግረዋል። ከድር ትግርኛ አይችልም፤ ሀብቶም ልብ አላለውም።

ክራንከንሃውስ፣ ማለትም ሆስፒታል፣ የትከሻው አጥንት መሰበሩን ነገሩን። ማጅራቱን ሰፉት። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እንዳይፈስ እስከ ማግስቱ እንጠብቃለን አሉ። የክለቡ ሰብሳቢ መጣና ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ። እኔ ሳልናገር ሀብቶም ቀደመኝ። "አውሮፕላኑ የእኔ ነው፣ ሽቦውን የበየድኩት እኔ ነኝ፣ ብየዳው ለቆ ይሆናል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። ሰብሳቢው ጻፈ፤ ሀብቶም ፈረመ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ኪሴ ውስጥ መቆንጠጫዋን ጨብጬ ነበር። ከድር ከሞተ ገዳዩ እኔ ነኝ፤ ከዳነም ሁለቱም ዓይኔን ማየት አይፈልጉም፤ ይህን ነበር የማስበው።

ከድር ዳነ። በማግስቱ ሰው ለየ፤ በአራተኛው ቀን ወደ ቤቱ ገባ። የእኔ ፍርሃት ግን ያን ጊዜ ባሰ። ሥራ ቦታ ማጠቢያው ሲሽከረከር የሚሰማኝ የዚያ ሞተር ድምፅ ነው። ስልክ ሲጮህ "አወቁ" እላለሁ። ሀብቶም ማታ ማታ እየደወለ ስለ ብየዳው ይጠይቀኛል። አንተ ኢንስፔክተሩ፣ ሳትፈትሽ አታሳልፍም ነበር፤ ሽቦውን አይተኸው ነበር? ይለኛል። አይቼዋለሁ፤ ደህና ነበር እለዋለሁ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልወጣኝም።

በዘጠነኛው ቀን ከድር ደወለ። ሀብቶም የሽፔርሙል ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ይዟል አለኝ። ሽፔርሙል ማለት የማይፈለግ የቤት ዕቃ መንገድ ዳር ወጥቶ ማዘጋጃ ቤት የሚያነሳበት ነው። አውሮፕላኖቹን በሙሉ ሊጥል ነው፤ ሰው የሚገድል እጅ ከእንግዲህ ምንም አይሠራም ብሏል፤ ቶሎ ና አለኝ።

ስደርስ የአሥር ዓመት ሥራችን አስፋልቱ ዳር ተደርድሯል። ክንፎች፣ ጅራቶች፣ ተሰብሮ የተጠገነ፣ ገና ያልተቀባ። ከድር ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ግድግዳ ተደግፏል። ሀብቶም የመጨረሻውን ክንፍ ይዞ ከኬለሩ ወጣ። በዘጠኝ ቀን አርጅቷል። የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ከመታጠፊያው ብቅ ማለቱን አየሁ።

ኪሴ ገባሁ። መቆንጠጫዋን አወጣሁና ሀብቶም በያዘው ክንፍ ላይ አስቀመጥኳት።

"ደረቴ ላይ ነበረች" አልኩት። "ተራዬ መሰለኝና ከፈትኩ። ብየዳህ ምንም አልሆነም።"

ሀብቶም መቆንጠጫዋን ብዙ አያት። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ዘጠኝ ቀን?" አለ። "ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ ግርማ?"

ሀብቶም ክንፉን ይዞ ተመልሶ ወደ ኬለሩ ወረደ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አልቅሻለሁ፤ መንገድ ላይ መሆኔም ትዝ አላለኝም።

ያኔ ከድር ከግድግዳው ተነሳና ወደ እኔ መጣ። ደህናውን ጆሮውን እየነካ "ስትጮሁ ሰምቻችኋለሁ" አለኝ። "ሁለታችሁንም ሰምቻለሁ። እንደ ልማዳችሁ መስሎኝ ነው ያልዞርኩት።"

ይህን ስሰማ ፍርሃቴ እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ። እስከዚያ ድረስ ጩኸታችንን አልሰማም ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ሰምቶን ነው ሊሞት የነበረው።

ሀብቶም ባዶ እጁን ወጣ። ፊቴን አላየኝም። የቢጫውን አውሮፕላን አካል በአንድ ጫፍ ብድግ አደረገና "ያዝ" አለኝ። በሌላው ጫፍ ያዝኩ። መኪናው ደርሶ ሠራተኞቹ እስኪወርዱ ድረስ ግማሹን አስገብተን ነበር። የቀረውን ከድር በጀርመንኛ እየተከራከረ፣ በደህና እጁ ከእጃቸው አስጣላቸው። በማግስቱ ሰብሳቢው ዘንድ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ፤ የሀብቶም ስም ከወረቀቱ ተሰረዘ።

ሀብቶም ክረምቱን ሙሉ ከ"እሺ" እና ከ"ደህና" በላይ አላናገረኝም። በሚቀጥለው ፀደይ ሜዳ ስንወጣ ግን ቀይዋን መቆንጠጫ እንደ ክለቡ ሕግ በራሱ ደረት ላይ ሰካትና ወደ እኔ ዞረ። "እጅህን አሳየኝ ሓወይ" አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። እንደ ድሮ አብራሪዎች ሁለት እጆቼን ወደ ላይ አነሳሁ። ያኔ አበረረ።

ከዚያ ወዲህ ልማዳችን ይህ ሆነ። የማያበርር እጁን ያነሳል። "ወደቀ" የሚለው ቃል ከመሃላችን ጠፍቷል፤ ኩባያ እንኳ ሲወድቅ "ተሰበረ" ነው የምንለው። አሁን መቆጣጠሪያዎቹ አዳዲስ ናቸው፣ የሁለት ሰው ሞገድ አይጋጭም፣ ሰሌዳውም ተነስቷል። እኛ ግን እጃችንን እናነሳለን። በሜዳው ዳር ውሻቸውን ይዘው የሚያልፉ ሰዎች ቆም ብለው ያዩናል። ከድር "ኢንስፔክተሩ ተማረከ" እያለ ይስቅብኛል።

እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገር ግን የአውሮፕላኑ ጎማ ሣሩን እስኪነካ ድረስ እጆቼን አላወርድም።